መስቀሉ የሚያነክስ ጠገራ

ለምወድሽ እህቴ ለሩፊና፤

እንደምን ሰንብተሻል? እንደምን ከርመሻል? የስፌት መኪናው መርፌ የወጋው ጣትሽ እንዴት ሆነ? ጥፍሩ በቀለ ወይስ ራቁቱን ቀረ? ቦነስ አይረስ ዝናቡ ጋብ አለላችሁ? ያ መላጣ አሠሪያችሁ አሁንም ማታ ማታ በሩን ከውጭ ይቆልፍባችኋል? አብራሽ የምትተኛው ልጅ ማንኮራፋቷን ተወች? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ቴሌግራሙ ደርሶሻል። ስለዚህ የቀረነው ትንፋሻችን አለ ልበልሽ፤ በዚህ ቤት ደግሞ ትንፋሽ ማለት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቂዋለሽ። ቴሌግራሙ ስምንት ቃል ብቻ የሆነው ሐዘናችን አንሶ አይደለም፤ በቃል ስለሚያስከፍሉ ነው። የቀረውን አሁን እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሚስት በእጇ ታመጣልሻለች። ሌላ ደብዳቤ ደግሞ እማዬ ለጎረቤታችን ለአስተማሪዋ እየነገረች እያስጻፈች ነው፤ እሱ በፖስታ ይደርስሻል። እዚያ ላይ «ለአባትሽ መታከሚያ ብለሽ ለላክሽው ገንዘብ እግዜር ይስጥልን፤ ቀብሩንም በክብር የፈጸምነው በእሱ ነው» የሚል ታገኛለሽ። አንቺ ደግሞ አምስት ሳንቲም አልላክሽም። አውቃለሁ። እባክሽ «የምን ገንዘብ?» ብለሽ እንዳትጽፊ። ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢና እኔን የፈለግሽውን ስደቢኝ፤ ለእነሱ ግን «ምንም አይደል» ብለሽ መልሺ። የአያታችን ቀሪ ዕድሜ በዚያች «ምንም አይደል» ላይ ተንጠልጥሏል።

አያቴን ታውቂያቸዋለሽ። እኔን ሲጠሩ መጀመሪያ በአንቺ ስም፣ ቀጥሎ በእማዬ፣ ቀጥሎ በውሻችን በኮሮኔል ስም አልፈው ነው ቶማሳ ላይ የሚደርሱት። ጠገራዎቻቸውን ግን አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ሃምሳ ዓመት የድሮ ቤት ግድግዳ ሲያፈርሱ ኖረው፣ ከጭቃው መሀል፣ ከምድጃው ሥር፣ ከሌሎች ግንበኞች ኪስ ለምነውም ለውጠውም የሰበሰቧቸው ማኩኪና የሚባሉ የድሮ የብር ጠገራዎች በዚያ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተኝተው ነበር። የስፔን ንጉሥ ሰዎች ከዚሁ ከተራራችን ብር በመዶሻ ቀጥቅጠው የሠሯቸው ስለሆኑ አንዱ የተነከሰ ብስኩት፣ አንዱ የውሻ ጆሮ ይመስላል። ይህን በአያቴ ፊት የተናገረ ግን ያን ቀን እራት የለውም።

እሑድ እሑድ ከገበያ መልስ አራቱ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰብስበው ጠገራ ሲተያዩ ይውላሉ። አራት ሰው፣ አንድ ማጉያ መነጽር፣ አንድ የሚያይ ዐይን። የአያቴን ሁለቱንም ዐይን ሞራ ጋርዶታል። የሚያየው ዐይን የዶን ኤቫሪስቶ ነው፤ እሱም አንዱ ብቻ፣ ሌላውን ድማሚት ስለወሰደባቸው። ዶን ኤቫሪስቶ ጠገራው ላይ ካለው መስቀል ጎን የተመታችውን ፊደል ያነባሉ፤ የተቀሩት ሦስቱ የማያዩትን ፊደል «አይደለም፣ ሌላ ነው» እያሉ ይሟገቷቸዋል። አያቴ በጣታቸው ዳብሰው «ይሄ ልጄ ሄርሞሄኔስ በተወለደ ቀን ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ የወጣው ነው» ይላሉ። አይሳሳቱም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሆነ የማታውቂው ነገር አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ለዶን ኤቫሪስቶ እሠራ ነበር፤ ለቱሪስት የሚሸጡ የውሸት ጠገራዎች። የድሮ ማንኪያና ቆርቆሮ እናቀልጣለን፣ ክብደቱ እንዳያሳብቅብን እርሳስ እንጨምራለን፣ በሸክላ ቅርጽ እናፈሳለን፤ ከዚያ ጠርዙን በመዶሻ አኝከን አንድ ሳምንት ሽንት ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፤ ሦስት መቶ ዓመት ያረጃል። የማን ሽንት ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዶን ኤቫሪስቶ ለዓለም ካበረከቱት ሁሉ ጠቃሚው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቅርጾቹን ያወጡት ከአያቴ ጠገራዎች ነው፤ በየእሑዱ አንዳንድ እየተዋሱ ማለት ነው። ጭቃው ሲደርቅ ትንሽ ስለሸሸባቸው ግን የመስቀሉ ግራ እግር አጥሮ ቀረ። የእኛ ጠገራ ሁሉ መስቀሉ ያነክሳል። ቱሪስት ይህን አያይም፤ ቱሪስት የሚያየው ተራራውን ነው።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ። ማዕድኑ ሲዘጋ አባዬን አሰናበቱት፤ ሳሉ ግን አብሮት ወጣ። አንቺም እያለሽ ይስል ነበር፤ አራት ዓመት ሆኖታል። በጁን ከአያቴ ጋር አንድ የድሮ ቤት ግድግዳ ሲያፈርሱ ትንሽ ገንቦ ተገኘ፤ ከውስጡ ሰባት ጠገራ ለአያቴ ደረሳቸው፤ አርባ አንድ የሞሉትም ያን ቀን ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፦ ተቀብሮ የኖረ ብር ሲከፈት አልኮል ይረጭለታል፣ ሰው ዘወር ይልለታል፣ አንድ ቀን ያህል ትንፋሹን ያወጣል። አባዬ ግን አባዬ ነው፤ «እስቲ የንጉሡ አፍ ምን ምን ይላል?» ብሎ ፊቱን ገንቦው ውስጥ ከተተ። ሁሉም ሳቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደም ተፋ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም የአባዬን የደረት ራጅ ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ ለእማዬና ለእኔ አሳየን። ሳንባው አቧራ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፣ ይህ አየር ለእሱ ቀጥኖበታል፣ ወደ ቆላ ወደ ታሪሃ ካላወረዳችሁት ይህን ብርድ አይሻገርም፣ ከወረደ ግን ጥቂት ዓመት ይተነፍሳል አለን። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፎቶ አላስፈለጋቸውም። የብር ትንፋሽ ነው ብለው ፈረዱ። እኔ ምላሴ አላስችል ብሎኝ «አባዬ ሲስል አራት ዓመቱ ነው፤ ገንቦው የተከፈተው ባለፈው ወር። ትንፋሹ ወደ ኋላ ይሄዳል?» አልኳቸው። ዶን ኤቫሪስቶ የኮካ ቅጠላቸውን ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛውረው «አንቺ ፌንጣ፣ ብር ሰውን ሲጠራ ከሩቅ ነው የሚጠራው» አሉኝ።

መድኃኒቱንም እነሱው አዘዙ። የተወሰደው ለእናት ምድር ይመለስ፣ በኦገስት፣ አፏን በምትከፍትበት ወር። ሰባቱ ብቻ አይበቁም፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ስላደሩ ሁሉንም አስይዘዋቸዋል፤ አርባ አንዱም ይሄዳሉ። አያቴ ሲያቅማሙ አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ጠገራቸውን በእጄ ስነካ የሚጮኹት ሰውዬ «ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ ቆርቆሮውንም ውሰዱት» አሉ።

ለመንኳቸው፣ ሩፊና። ያን ቀን ቀልድ የሚባል አልወጣኝም። «አያቴ፣ እንሽጣቸውና አባዬን ቆላ እናውርደው» አልኩ። «የኔ ልጅ፣ በሽታውን ሸጠሽ መድኃኒት ልትገዢበት? የተረገመ ገንዘብ ወደየት ይወስደዋል?» አሉኝ። አባዬም ከተኛበት ሆኖ «ሽማግሌውን ተያቸው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው» አለ። እማዬ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ስለዚህ አደረግሁት። ሦስት ሳምንት በዶን ኤቫሪስቶ ምድጃ ላይ አርባ አንድ ጠገራ ሠራሁ፤ የቱሪስት ትእዛዝ ነው አልኳቸው። እውነተኞቹን ከቆርቆሮው አውጥቼ የእኔዎቹን አስገባሁ። በየወሩ ከሱክሬ እየመጣ አሮጌ ብር ለሚገዛው ሰው እውነተኞቹን ሸጥኩለት። ሰውዬው እያንዳንዱን ሲመዝን እኔ በጎን ሒሳቡን እይዝ ነበር። ገንዘቡን ለእማዬ «ሩፊና በሾፌሩ እጅ ላከችልን» ብዬ ሰጠኋት። የአውቶቡሱ ትኬትና ታሪሃ የምንከራየው ክፍል ከዚያ ይወጣል ብዬ ነው።

የኦገስት የመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት ከተራራው ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። ስኳሩ፣ የላማው ጠጉር፣ አልኮሉ፣ ሁሉም በደንቡ ቀረበ። እኔ ሽማግሌዎቹ ሲንበረከኩ ጉልበታቸው የሚያሰማውን ድምፅ ልስቅበት ተዘጋጅቼ ነበር። አያቴ ግን ጠገራዎቹ እንዲሁ በጅምላ አይቀበሩም፣ አንድ በአንድ ይሰናበቱልኝ አሉ። አንዱን አነሡ፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ ቅርጹ ከራሳቸው ጠገራ የወጣ ነውና ጣታቸው ምንም አልጠረጠረም፣ ከየት እንዳገኙት ተናገሩ፣ ከዚያም ፊደሉን ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያነቡላቸው ለዶን ኤቫሪስቶ አቀበሉ።

እዚያ ላይ አበቃልኝ አልኩ። ዶን ኤቫሪስቶ መነጽሩን አስጠጉ። ያቺ አንዲት ዐይን ከጠገራው ተነሥታ ቀጥ ብላ እኔ ላይ አረፈች። ለካ አንድ ዐይን ከሁለት ይልቅ ይከብዳል። ከዚያ የኮካውን ምራቅ ወደ ጎን ተፉና ፊደሏን በግልጽ አነበቡ፤ «እሷው ናት ሳቱርኒኖ፣ ትክክለኛዋ» አሉ። ጠገራውን ጉድጓዱ ውስጥ አኖሩት። አርባ አንድ ጊዜ፣ ሩፊና። አያቴ አርባ አንድ ጊዜ ተሰናበቱ፣ ዶን ኤቫሪስቶ አርባ አንድ ጊዜ ዋሹ። በመጨረሻው ላይ አያቴ «ውሰጂ፣ እሱን ግን ተዪልኝ» ብለው ግንባራቸውን አፈሩ ላይ አኖሩ። እኔ ሳልስቅ ቀረሁ።

ስንወርድ ዶን ኤቫሪስቶ ከኋላ ቀርተው ክንዴን ያዙ። «በዚህ አገር የሚያነክስ መስቀል የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የእጄን ሥራ የማላውቅ መሰለሽ?» አሉኝ። «ደህና ዋጋ አወጡ?» አሉ። አወጡ አልኩ። «ቆላ ይወርዳል?» አሉ። ይወርዳል አልኩ። «እንግዲያው ዐይኔ ምንም አላየም» ብለው ቀድመውኝ ሄዱ።

የዚህ ሁሉ ጉድ ከዚህ በኋላ ነው። በማግስቱ አባዬ ተነሣ። ሾርባ ጠጣ፣ ድንች ጨምሩልኝ አለ፣ ጢሙን ተላጨ። በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳ ሄዶ ዳኛውን ሲሳደብ ሰማሁት፤ በመሀል ሳል አላቋረጠውም። አያቴ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ «አያችሁ?» ይላሉ። እኔ ትኬቱን ይዤ ቀረብኩ። አባዬ ጉንጬን ቆንጥጦ «እኔና ተራራው ታርቀናል፤ የታረቀ ሰው አገሩን ጥሎ ይሰደዳል? ገንዘቡን ለትንሹ ወንድምሽ ለቤቶ ጫማ ግዙበት» አለኝ። በስድስተኛው ቀን የማዕድን ቆቡንና መብራቱን አውጥቶ የተዘጋውን ማዕድን በማኅበር ከሚቆፍሩት ሰዎች ጋር ዋሻው ሊገባ ተነሣ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እዚያ የተቀበረው የማንኪያ ቆርቆሮ ነው፣ ማንም ከማንም ጋር አልታረቀም ልለው ነበር። አያቴ በር ላይ ተቀምጠው የአባዬን ቦት ጫማ ቅባት ይቀቡ ነበር። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ የልጃቸውን ጫማ፣ በማያይ ዐይን፣ ስፌቱን በጣት እየፈለጉ፤ ደግሞ ያፏጩ ነበር። ብናገር አባዬ ያንኑ ሰዓት ተመልሶ ይተኛል፣ ሳሉም ይመለሳል፣ አያቴም ይወድቃሉ። ባልናገር ወደ አቧራው ይገባል። ሁሉን ነገር ቶሎ የሚመልስ አፍ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ጫማው ተቀብቶ አለቀና አባዬ ሄደ።

ጠገራዎቹ ከተቀበሩበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር በአሥራ አንደኛው ቀን ዋሻው አፍ ላይ ወደቀ። በሳንቃ ተሸክመው አመጡት። እኩለ ቀን ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያለች ሞተ። ብዙ አልተሠቃየም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ለአንቺም ከዋሸሁ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አይኖረኝም። ተሠቃየ። የአንቺን ስም አንዴ ጠራ። ለእኔ «ዝም ያልሽው ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ የመጨረሻው ንግግሩ እሱ ነው።

አንዳንዴ ስነቃ፣ ቆርቆሮ ስለቀበርኩ ይሆን? እላለሁ። እውነተኞቹ ቢቀበሩ ኖሮ? አላምንም። ሐኪሙ ያሳየኝን ፎቶ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የማላምነው ነገር ሳያስፈቅደኝ አልጋዬ ላይ ይቀመጣል።

መቼ እንደምትመጪ ስለማላውቅ አያቴ የተናገሩትን ልንገርሽ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ብሩም ቀረ፣ ልጁም ቀረ» እያለ ሲያንሾካሹክ አያቴ ሰምተው ቀና አሉ። «ሃምሳ ዓመት ጠገራ ስለዋወጥ ኖርኩ» አሉ፤ «እንደዚህ ያለ ደህና ገበያ ግን አልገጠመኝም። በአርባ አንድ ጠገራ አሥራ አንድ ቀን ሰጠችኝ። ሳይስል፣ እየሳቀ፣ በእግሩ እየሄደ። እኔ በርካሽ ነው የገዛሁት።» ዶን ኤቫሪስቶ ተነሥተው ወደ ግቢ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ግድግዳ ላይ ተደግፈን ሁለታችንም ወደተለያየ ቦታ አየን።

ከዚያ ወዲህ አያቴ በየቀኑ ወደ ጉድጓዱ እየሄዱ ጥቂት አልኮል ያንጠባጥባሉ። ያመሰግናሉ። ይህን እንዲያደርጉ ተዪያቸው፣ ሩፊና።

ችግሩ ሌላ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ከእሳቸው ቀድሜ ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባዶውን አገኘሁት። በኦገስት ተራራው ሥር የሚቀብር ሰው ካለ ተከትሎ የሚቆፍር መኖሩ የታወቀ ነው። አፈሩን በእጄ መለስኩ፣ ረገጥኩት፣ አያቴ መጥተው አልኮላቸውን አንጠበጠቡበት፤ አላወቁም። በሚቀጥለው እሑድ ግን አሮጌ ብረት ተራ አንዱ ጎረምሳ ጨርቅ ዘርግቶ ሁለት ጠገራ ሲሸጥ አየሁ። መስቀላቸው ያነክሳል። አያቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ያን ገበያ ሳይዳብሱ አያልፉም። ጣታቸው አንዱን ቢነካ «ይሄ እኮ የእኔ ነው» ይላሉ። ምድር ተዘረፈች ማለት ነው፤ ገበያውም ፈረሰ ማለት ነው፤ አሥራ አንዱም ቀን የማንም አልሆነም ማለት ነው።

እናም አሁን እኔም ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ከአባዬ ቀብር በተረፈው ገንዘብ የገዛ እጄን ሥራ መልሼ እገዛለሁ። ጎረምሳው በእናቱ እየማለ እውነተኛ የንጉሥ ብር ነው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ የትኛው ማንኪያ እንደነበረ ጭምር አውቃለሁ፤ ግን ምን ልበለው? ተከራክሬ እገዛለሁ። ዶን ኤቫሪስቶ ከታች በኩል፣ እኔ ከላይ በኩል እንጀምርና መሀል ላይ እንገናኛለን፤ አያቴ ደግሞ ቤቶን ተደግፈው ቀስ እያሉ ከኋላችን ይመጣሉ። እስካሁን ዘጠኝ አግኝተናል። ሠላሳ ሁለት ይቀራሉ። ስንቱ በቱሪስት ቦርሳ ባሕር እንደተሻገረ አላውቅም፤ የተሻገሩትን እግዜር ያግዛቸው።

ለእማዬ ስትጽፊ እንግዲህ ያልኩሽን አትርሺ። «ምንም አይደል» በይ፤ ደግሞም እንደ እውነተኛ ላኪ ትንሽ ኩራት ጨምሪበት። ለእኔ የምትልኪው ነገር ካለ አንዲት ማጉያ መነጽር ላኪልኝ፤ የዶን ኤቫሪስቶም ዐይን ደክሟል።

እማዬ ሰላም ትልሻለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ትበላለች፣ እንቅልፍ ግን የላትም። ቤቶ አዲሱን ጫማውን በሥዕል ሥሎልሻል፤ ከታች ያለው ድንች የሚመስለው እሱ ነው። ኮሮኔልም ሰላም ይልሻል፤ አሁንም ማታ ማታ በር ላይ ተኝቶ አባዬን ይጠብቃል። አብራሽ ለምትተኛው ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዶን ኤቫሪስቶ ሰላም በይልኝ አላሉኝም፤ ይህን ስጽፍልሽ ገበያ ውስጥ ናቸው። አያቴ ግን አጠገቤ ተቀምጠዋል። ብዕሬ ሲሮጥ ሰምተው «ለእሷ ምን እየጻፍሽላት ነው ይሄን ሁሉ?» አሉኝ። ስለ ጠገራዎችዎ አልኳቸው። «እናት ምድር ዘንድ በደህና ተቀምጠዋል በያት» አሉ።

እኔም ይኸው ብያለሁ።

እህትሽ ቶማሳ
ፖቶሲ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1987